ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ማን ነው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ቡና እየጠጣን ጎረቤቴ «ባለፈው ጠቅላይ ሚኒስትሩን መረጥኩ» አሉኝ። አይደለም፣ እማማ። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

በአዲስ አበባ መራጭ የሚሰጠው አንድ ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ሸገር ከተማ የሚኖር ዘመዳችን ደግሞ ከፓርላማው ሌላ የሚመርጠው ለጨፌ ኦሮሚያ፣ ማለትም ለኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚል ወረቀት የትም የለም።

«የምርጫ ክልል» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ኦሮሚያ ወይም አማራ እንደምንለው ክልል አይደለም። አንድ የፓርላማ ተወካይ የሚመረጥበት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን 23 አላት፤ በአገር ደረጃ 547 ናቸው።

አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከ10,000 መራጭ አንዱ 4,000፣ ሌላው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 ቢያገኙ የመጀመሪያው ፓርላማ ይገባል። 6,000 ሰው ሌላ መርጦ ነበር፤ ድምፁ ግን ወንበር አላመጣም። ይሄ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

መንግሥት ለመመሥረት ግን ግማሽ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከ547ቱ 274 ማለት ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ካልሞላው ከሌላው ጋር ይጣመራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጡት እነዚያ የላክናቸው ተወካዮች ናቸው፤ የሚመርጡትም ከመካከላቸው ነው።

ቤት ለምትቀያይሩ ተከራዮች ደግሞ፦ ለመመዝገብ 18 ዓመት መሙላትና በዚያ የምርጫ ክልል ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል።