ቀደም ብሎ የሚጀመር የልጆች ጥርስ ማስተካከል ምንድን ነው?

ልጄ 6 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የታችኛው የኋላ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሳት ጀመር። እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ጥርሱ ተነቀለ፣ ሕመሙም ለቀቃት፤ በከዚራ ዛፎች ሥር ትንሽ አረፍ ብለን ወደ ሳቢያን ተመለስን። ሐኪሙ "የወተት ነው፣ ይተካል" አለኝ። ጎረቤቴም "አቦ ምን ያስጨንቅሻል፣ መውደቁ አይቀር!" አለችኝ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ግን እስኪተካ ድረስ ያንን ባዶ ቦታ ማን እንደሚጠብቀው የነገረኝ አልነበረም። በዓመቱ ከኋላ የበቀለው ትልቁ ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ክፍተቱን በግማሽ ዘግቶት አገኘሁት። ቀደም ብሎ ስለሚጀመር ጥርስ ማስተካከል መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጥርስ ማስተካከል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሽቦ ነው። ሙሉው የሽቦ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው የወተት ጥርሶች ወድቀው ሲያልቁ፣ ከ11 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቀደም ብሎ የሚጀመረው ሌላ ነው። የወተቱና የቋሚው ጥርስ አፍ ውስጥ ተደባልቀው በሚገኙበት ዘመን፣ በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ዓመት ድረስ ይደረጋል። ሥራውም ጥርስ መደርደር ሳይሆን ለሚመጡት ጥርሶች ቦታ መጠበቅና መንገጭላው ገና እያደገ ሳለ የተጣመመውን ማቅናት ነው። የአሜሪካ የኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች) ማኅበር ማንኛውም ልጅ እስከ 7 ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራል። ይታይ ማለት ግን ይታከም ማለት አይደለም፤ ከሚታዩት ልጆች ብዙዎቹ "ደህና ነው፣ ከዓመት በኋላ ተመለሱ" ተብለው ይሸኛሉ።

ለምን በ7 ዓመት? በዚያ ዕድሜ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ወጥቶ ስለሚታይ ነው። ይህ ጥርስ ብዙ ወላጅ ያሳስታል። ማንም ጥርስ ሳይወድቅለት፣ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይበቅላል። የወደቀ ስለሌለ የወተት ይመስለናል፤ ሲበሰብስም "ይተካል" ብለን እንተወዋለን። አይተካም። ለዕድሜ ልክ የተሰጠ ጥርስ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ንክሻ የሚገጥመውም በእሱ ነው። ሙሸበክና ሀላዋን የመሰለ ጣፋጭ ከልጆች እጅ በማይጠፋበት ከተማችን ደግሞ ይህ ጥርስ ገና ብቅ ሲል መቦርቦር ሊጀምር ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ዛሬ ማታ የልጃችሁን አፍ በስልክ መብራት ከፍታችሁ ከመሀል ወደ ኋላ ቁጠሩ። በአንድ በኩል አምስቱ የወተት ጥርሶች ወይም ተተኪዎቻቸው ናቸው፤ ስድስተኛው ቋሚ ነው።

የኋላ የወተት ጥርስ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ ሥራ አለው። በከፊራ ገበያ መደቡን ለቆ የሄደ ነጋዴ ሲመለስ ጎረቤቱ ተስፋፍቶበት እንደሚያገኘው፣ የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ሲነቀልም የስድስት ዓመቱ ጥርስ ወደ ፊት ይገፋል። ተተኪው ሲመጣ መግቢያ ያጣል፤ ወይ ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ በጎን ወጥቶ ድርብ ጥርስ ይሆናል። ስለዚህ መሞላት የሚችል የወተት ጥርስ መሞላት አለበት፤ ከእሱ የተሻለ ቦታ ጠባቂ የለም። መነቀሉ ግድ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ባለው ጥርስ ላይ ቀለበት ታስሮ፣ ከቀለበቱ የወጣ ሽቦ ክፍተቱን ደግፎ ይይዛል። ቀላል ሥራ ነው። ሐኪሙ "ልንቀለው" ሲላችሁ "ቦታውስ?" ብላችሁ ጠይቁ። የፊት የወተት ጥርስ ሲወድቅ ግን ቦታው ብዙውን ጊዜ አይዘጋም፤ ለሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

በእውነት ጊዜ የማይሰጠው የተገለበጠ ንክሻ ነው። የላይኛው ጥርስ እንደ ድስት ክዳን የታችኛውን ከውጭ አልፎ መሸፈን አለበት። ላይኛው ጠባብ ሲሆን አንዱ ጎን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ልጁም ለማኘክ እንዲመቸው አገጩን ወደ ጎን ይገፋል። በዚህ ዓይነት ሲያድግ ፊቱ ራሱ ወደ አንድ ጎን ሊያደላ ይችላል። የላንቃ አጥንት ግራና ቀኙ የተጋጠመበት መስመር በልጅነት ገና ስላልጠነከረ፣ መሀሉ ላይ ጠመዝማዛ ብሎን ባለው መሣሪያ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ወላጅ በትንሽ ቁልፍ ያዞረዋል፤ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሰፋው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከተስፋፋ በኋላም አጥንቱ እስኪሞላ ለወራት እዚያው ይቆያል። ይህ መስመር ከጉርምስና በኋላ ስለሚጠነክር፣ በልጅነት በብሎን የሚሠራው በአዋቂ ላይ ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። የታችኛው የፊት ጥርስ ከላይኛው አልፎ ወደ ውጭ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ በፊት ላይ ታስሮ የላይኛውን መንገጭላ ወደ ፊት የሚስበው መሣሪያ የተሻለ የሚሠራው ከ10 ዓመት በፊት ነው።

ገጣጣ ጥርስ ላይ ግን ከብዙ ወላጆች ጋር አልስማማም። ልጁ እየተሰደበ እንደሆነ አይተን ቶሎ ሽቦ እንዲታሰር እንቸኩላለን። በጥናት ተነጻጽሮ የታየው ግን በልጅነት የጀመሩትም በአፍላ ዕድሜ የጀመሩትም መጨረሻቸው ተመሳሳይ መሆኑ ነው። ቀድሞ መጀመር ያስገኘው ግልጽ ጥቅም፣ ልጁ ሲወድቅ የፊት ጥርሱ የመሰበሩ ዕድል መቀነሱ ነው። ልጃችሁ ኳስ እያባረረ ዳቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚውል ከሆነ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ካልሆነ ግን መጠበቅ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈልም ያድናል።

ጣት መጥባትም አለ። እስከ 4 ዓመት ገደማ ቢተው ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ የፊት ቋሚ ጥርሶች ከመጡ በኋላ ከቀጠለ ግን የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርሶች ሳይነካኩ ይቀራሉ። የሚያሳዝነኝ ደግሞ የሕፃን ድድ በስለት ወይም በጥፍር ቧጥጦ "ግግ" ማውጣት ነው። ተቅማጥ ያመጣል ተብሎ የሚወጣው ትል የመሰለ ነገር ያልበሰለ የክራንቻ ጥርስ ነው። ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ሳያንስ፣ ከሥሩ የተቀመጠው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል፤ ክራንቻው ጎድሎ የፊቱ ጥርስ ወደዚያ ሲያዘነብል የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ፍንጭት ያለባት ልጅ እናት ግን አትደንግጥ። በ8 ዓመት ከላይ የፊት ጥርሶች መሀል ክፍተት መታየቱና ጥርሶቹ እንደ ማራገቢያ መከፈታቸው የተለመደ ነው፤ ክራንቻዎቹ በ11 ወይም በ12 ዓመት ሲወርዱ ብዙውን ጊዜ ይገጥማል። ሳይገጥም ቢቀርም እኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው። የታችኛው አዲስ ጥርስ ከወተቱ ኋላ ብቅ ሲልም አትቸኩሉ፤ ወተቱ ሲወድቅ ምላስ ራሷ ወደ ፊት ትገፋዋለች።

ከሐረርና ከድሬዳዋ ለመታየት ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን፤ ሽቦ ከታሰረ ደግሞ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መመላለስ አለ። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ስንት ጊዜ እንደምንመላለስና ከምልልሱ የትኛውን እዚህ ያለ ጥርስ ሐኪም ሊይዘው እንደሚችል እንጠይቅ። የተነሳ ኤክስሬይም ይያዝ፤ በየሄድንበት እንደ አዲስ አያስነሱንም። የእኔ ልጅ አሁን 9 ዓመቷ ነው። የተንሸራተተውን ጥርስ ወደ ኋላ የሚመልስ ተነቃይ መሣሪያ አድርጋለች፤ ብሎኑን የማዞረው እኔ ነኝ።