«መሞከሪያ ሊያደርጉህ ነው» እና ሌሎች ስለ ቀዶ ሕክምና የሚወሩ ነገሮች

ጥቁር አንበሳ በር ላይ፣ አስታማሚ ምሳ ዕቃውን ይዞ የመግቢያ ሰዓት በሚጠብቅበት ቦታ፣ ስለ ኦፕራሲዮን የማይወራ ነገር የለም። ጭንቀት ነው፣ አልፈርድም። ግን ሰውን ከሕክምና የሚያርቅ ወሬ ዝም ሊባል አይገባም።

«ጥናት ውስጥ ግባ ካሉህ መሞከሪያ ሊያደርጉህ ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ብዙው ጥናት መርፌም የለው፣ አዲስ መድኃኒትም የለው። አደጋው መቼ እንደደረሰ፣ በምን እንደመጣችሁ፣ ቁስሉ አመርቅዞ እንደሆነ ጠይቀው ይመዘግባሉ። መድኃኒት የሚነጻጸርበት ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ያየዋል፣ ፈቃድም ይጠየቃል። እምቢ ብትሉ ሕክምናችሁ አይቀርም፣ ጀምሮ ማቋረጥም መብት ነው።

ጥናት ባይኖርስ? ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው፣ እብጠት ይቀንሳል ተብሎ፣ ለብዙ ዓመታት ስቴሮይድ ይሰጥ ነበር። ክራሽ የተባለው ጥናት 10,008 ጉዳተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱን ካገኙት 21 በመቶ፣ ካላገኙት 18 በመቶ ያህሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተዋል። ይጠቅማል የተባለው መድኃኒት ሰው ይገድል ነበር! ቀጥሎ የመጣው ክራሽ-2 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ ርካሽ መድኃኒት ደም ለሚፈሰው ጉዳተኛ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ፤ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው ታዲያ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «አደጋው ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ?» እያሉ ሲደጋግሙባችሁ አትናደዱ፣ በትክክል መልሱላቸው።

«ሬዚደንት ተማሪ ነው፣ ይለማመድብኛል»

ሬዚደንት ሐኪም ነው። ዲግሪውን ይዞ ስፔሻሊስት ለመሆን ለዓመታት የሚሠለጥን። መጀመሪያ ያያል፣ ይረዳል፣ ክር ይቋጥራል፣ ይሰፋል፤ ከባዱን የሚሠራው ሲኒየሩ፣ ማለትም የሚያሠለጥነው ስፔሻሊስት፣ አጠገቡ ቆሞ ነው። ሌሊት ቀድሞ የሚደርስላችሁም እሱ ነው። «ሲኒየሩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ጠይቁ።

«ተነስቶ ከሄደ ደህና ነው»

ሜክሲኮ አካባቢ ሞተር የገጨው ልጅ አቧራውን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ ሰዉም «እግዜር አትርፎሃል» ብሎት ይበተናል። የተጎዳ ጣፊያ ግን ቀስ ብሎ ሊደማ ይችላል። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚደማ ሰውም ለሰዓታት ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ራሱን ሊስት ይችላል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው፣ ከደበተው፣ ሆዱን ወይም ግራ ትከሻውን ካመመው ነገን አትጠብቁ።

«ውሃ አጠጡት»

አታጠጡት። ኦፕራሲዮን ካስፈለገው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር በማደንዘዣ ሰዓት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፣ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። ሰውነቱ ላይ የተሰካ ቢላ ወይም ብረት ካለ ደግሞ አትንቀሉት፤ ደሙን ገድቦ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፣ መነቀል ያለበትም ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም እጅ ነው።