«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ለማን ነው?

ባለፈው ሰኔ መሥሪያ ቤታችን ስለ ወጪ ቅነሳ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። መዝገብ ቤት የምትሠራ ልጅ እጇን አወጣች። «ፕሪንተራችን ከተበላሸ አራት ወሩ ነው። ባለጉዳዩ የራሱን ደብዳቤ ውጭ አሳትሞ ነው የሚያመጣልን። እባካችሁ ይጠገንልን» አለች። ሰብሳቢያችን ፈገግ አሉ። «እህቴ፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብናል» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷም ተቀመጠች።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ልጅቷ እኮ ቸግሯታል! አባባሉ ደግሞ ከአፉ ጀምሮ «ሳይቸግር» ነው የሚለው።

ትርጉሙን ለአማርኛ አንባቢ አልዘረዝርም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ጤፉ ነው። ለምን ጤፍ? ለምን ገብስ ብድር፣ ማሽላ ብድር አልተባለም?

ያደግኩት ምንጃር፣ አያቴ ጋ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁለት ጎታ ነበር። ትልቁ የማሽላ፣ ትንሹ የጤፍ። ሐምሌ ሲገባ አያቴ ጠዋት ጠዋት ጎታዎቹን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ከታች ትጀምርና ወደ ላይ ትወጣለች። እህል ያለበት ድፍን ድምፅ አለው። ባዶው ይጮኻል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ በከሰል ትንሽ መስመር ታሰምራለች። ከዚያ መስከረም ስንት ሳምንት እንደቀረው ትቆጥራለች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን እንደሷ ያለ የበጀት ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

አንድ ክረምት ጎረቤታችን ቁና ይዛ መጣች። አማቾቿ ሊመጡ ነው። ቤቷ ማሽላ ሞልቷል፣ ግን ለአማች የማሽላ እንጀራ እንዴት ይቀርባል? ነጭ ጤፍ ፈለገች። አያቴ ቁናውን ጀንዲ ላይ አስቀመጠችና ከጎታው ማውጫ ላይ ጨርቁን ነቀለች። ጤፉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እስከ አፉ ሲሞላ በእጇ ጠረግ አድርጋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ከደጅ ስትወጣ አያቴ «አዬ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች ለራሷ።

ጥር ላይ ብድሩ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ትርኢት አየሁ። አያቴ የመጣውን ጤፍ ቁናው ውስጥ ስታስገለብጥ ጎኑን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችው። ጤፉ ወረደ። «ጨምሪ።» ተጨመረ። ነቀነቀችው። እንደገና ወረደ። «ጨምሪ እንጂ፣ ምነው!» ነፍሷን ይማርና፣ ስትሰጥ አልነቀነቀችውም ነበር።

የኔ መላምት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያቺ ቁና ናት ማስረጃዬ። ማሽላ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ቁና ላይ ብትቆልለው ይቆማል፣ ሰጪም ተቀባይም ያየዋል። ጤፍ ግን ደቃቅ ነው። ስትነቀንቀው ይጠጋጋል፣ ስትቆልለው ይንሸራተታል። ስትበደረው ሙሉ የመሰለህ ስትመልሰው ጎዶሎ ይሆናል። አባባሉ ጤፍን የመረጠው ወለዱ የማይታይ እህል ስለሆነ ነው እላለሁ። በዚያ ላይ ነሐሴ ላይ ጤፍ እሳት ነው፣ ጥር ላይ ደግሞ ዐውድማው ሁሉ ጤፍ ነው። አራጣ አበዳሪ የነሐሴውን ዋጋ ይዞ በጥር ዋጋ ጤፍ ሲያስከፍልህ አንዱ ቁና ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው መላምቴ ስለ አማቾቹ ነው። ጤፍ የክብር እህል ነው። ማሽላ ያለው ሰው አይራብም። ስለዚህ ጤፍ የሚበደር ሰው ለሆዱ ሳይሆን ለዓይን ነው የሚበደረው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ክረምት ሌላ ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር። አያቴ ቁና አላነሳችም። በሰፌድ ዛቅ አድርጋ ሰጠቻት። አልተለካም፣ አልተቆጠረም፣ ያ አባባልም ከአፏ አልወጣም።

አሁን ወደ አገሪቱ ጎታ። የመንግሥት በጀት ዓመትም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ አያቴ ጎታ የምታንኳኳበት ወር። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዩሮ ቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች በሚሸጥ የዕዳ ሰነድ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ ጊዜው አሥር ዓመት። ያኔ ጭብጨባ ነበር፣ በዓለም ገበያ መታየት ራሱ ክብር ነው ተባለ። አማቾቹ ትዝ አሉኝ። በታኅሣሥ 2016 የደረሰው የወለድ ክፍያ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሳይከፈል ቀረ። ብድሩ ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም። ግን ጎታው በደንብ ተንኳኩቶ ነበር ወይ?

ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት የብድር ፕሮግራም ተፈረመ። ይሄኔ ታክሲ ውስጥ ሁሉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ተባለ። ተሳስታችኋል ጎበዝ! ያኔማ ቸግሮ ነበር። ለዚያ ሌላ አባባል አለን፦ «የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል»። ዱቄትና ጤፍ አይምታቱባችሁ።

የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ 1.2 ትሪሊዮን የሚጠጋው መደበኛ ወጪ ነው፣ የዕዳ ክፍያውም እዚያው ውስጥ አለ። ለካፒታል የተያዘው 415 ቢሊዮን ነው። በአያቴ ቋንቋ፣ የሚበላውና የሚዘራው። መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህን የጤፍ ብድር የሚል ካለ በ4,760 ብር አንድ ወር ቤት ያስተዳድርና እንነጋገር። በሚያዝያ 2017 ሥራ የጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም «መሶብ» መባሉ ደስ ይለኛል። ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት አንድ ቦታ ይጨርስ ነው ሐሳቡ። ጥሩ ነው። መሶቡ ላይ እንጀራ እስካለ ድረስ።

የኛ ቢሮ ነገር ግን አላለቀም። ከዚያ ስብሰባ በኋላ፣ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት፣ የተረፈ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ «የልምድ ልውውጥ» ተዘጋጀ። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ሌሊት። ባነር ታተመ፣ ባለ ዓርማ ቦርሳ ታደለ። አበሉን እኔም ፈርሜ ወስጃለሁ፣ አልዋሽም። ምሳ ላይ ሰብሳቢያችን አጠገቤ ተቀምጠው ዓሣ ሲበሉ ያቺን አባባል ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

ሐምሌ ላይ ባለጉዳዮቹ አሁንም ደብዳቤያቸውን ውጭ እያሳተሙ ይመጡ ነበር። በገጽ አሥር ብር።