«ቅድመ ኮሎምቢያ» የተባለው ገል ከኮሎምቢያ የመጣ ነው?

በሙዚየም ከሚታይ የደቡብ አሜሪካ የመቃብር ሸክላ ገል አጠገብ የሚነበበው «ቅድመ ኮሎምቢያ» የሚለው መግለጫ፣ ኮሎምቢያ የተባለችውን አገር የሚጠራ ቢመስልም፣ የሚያመለክተው ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 አሜሪካ ከመድረሱ በፊት የነበረውን ዘመን ነው። ስለዚህም በብራዚል፣ የአማዞን ወንዝ ውቅያኖስ ከሚገባበት ከማራዦ ደሴት የተገኘ፣ የሟች አጥንት ይቀመጥበት የነበረ፣ በቀይና በጥቁር መስመሮች ያጌጠ የትልቅ እንስራ ስባሪም በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉ ዘመንን እንጂ ሠሪውን ሕዝብም ሆነ የተገኘበትን ስፍራ ስለማይናገር፣ በእኔ እይታ ብቻውን ሲጻፍ ጎደሎ መግለጫ ነው። የዘመኑ ወሰንም ቢሆን ስሙ እንደሚያስመስለው ጥብቅ አይደለም፤ የስፔኑ ወራሪ ፒሳሮ በደቡብ አሜሪካ የነበረውን የኢንካ መንግሥት ንጉሥ አታዋልፓን የማረከው በ1532 በመሆኑ፣ ከ1492 በኋላ የተሠራ የኢንካ ሸክላም በልማድ እዚያው ይመደባል።